አሁን ማን አለ?

አባቷን ቤት ውስጥ ቆልፋበት ነበር የምትወጣው። ይህን ከእሷና ከቁልፉ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በፊት እንዲህ አልነበረም። ኮሌጁ በሽተኛ የሚያስታምሙ ሰዎችን ለሶሻል ወርክ ተማሪዎች ኑሯቸውን እንዲያስተምሩ ሲጋብዝ፣ እሷም ማክሰኞ ማክሰኞ ትሄድ ጀመር። ጎረቤቷ ከአባቷ ጋር ትቀመጥላት ነበር። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ብቻውን አይተውም፤ ወጥቶ ይጠፋል።

የመጀመሪያ ቀን ተማሪዎቹ ፊት ቆመች።

«"አይዞሽ" ብሎኝ የሚሄድ ሞልቷል፤ አይዞሽ ጠግቤያለሁ። ቤቴ የሚመጣ ሰው ከሁሉ በፊት "አሁን አባትሽ ጋ ማን አለ?" ይበለኝ።»

ከኋላ ወንበር አንዱ ቀና ብሎ አያት። አውቶቡስ መንዳት ትቶ ለትምህርት የመጣ ሰው ነው፤ ጓደኞቹ «ሾፌሩ» ይሉታል። ስትወጣ በሩ ላይ ጠበቃት።

«አሁን አባትሽ ጋ ማን አለ?»

«ጎረቤቴ።»

«እንግዲያው እስከ ፌርማታው ልሸኝሽ።»

ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ!

ከዚያ በኋላ ማክሰኞ የእነሱ ሆነ። «የዚህኛው አነዳድ አላማረኝም፤ የሚቀጥለውን ያዢ» እያለ ሦስት አውቶቡስ ያሳልፋታል። እሷም ሳታምነው ታምነዋለች።

ጎረቤቷ ቤት ቀይራ የሄደች ጊዜ ነው ነገር የተበላሸው። ብቻውን እንደሚውል ብትናገር አባቷን ወደ መጦሪያ ይወስዱባታል። ማክሰኞን ብትተው ሾፌሩን ታጣለች። ፍቅር ዕውር ነው ይላሉ፤ የእሷው ግን በሩ የት እንደሚቆለፍ አሳምሮ ያውቅ ነበር። እሱ በጠየቃት ቁጥር «ጎረቤቴ» ትለዋለች፤ በልቧ ግን ትሞታለች።

የፈተናው ቀን ደረሰ። አስታማሚዎቹ ራሳቸውን ሆነው ይተውናሉ፣ ተማሪዎቹም ቤታቸው እንደመጡ ሆነው ይጠይቋቸዋል፤ ማርክ የሚሰጡትም እነሱ ናቸው። ዕጣ ሾፌሩን እሷ ፊት አስቀመጠው። መምህርቷ ጥግ ይዛ ትጽፋለች።

«አሁን አባትሽ ጋ ማን አለ?» አላት፣ ለስለስ ብሎ።

ጠዋት አባቷ ቀሚሷን ጨብጦ «እማዬ፣ ጥለሽኝ አትሂጂ» ብሏት ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቃ ነው የወጣችው። «ጎረቤቴ» ለማለት አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን እንቢ አላት።

«ማንም።»

መምህርቷ በትወናዋ ተደንቃ ፈገግ አለች። እሱ ግን ዓይኗን አየና ፊቱ ተለወጠ።

«የእውነትሽን ነው?»

ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ቤቴ ከሄድክ ትጽፈዋለህ። ከጻፍከው ይወስዱብኛል። በሞቴ፣ እንዳልሰማህ ሁን።»

ቁልፉን አንስቶ ሮጠ፤ እሷም እየጮኸች ተከተለችው።

አባቷን ከበሩ ኋላ ወድቆ አገኙት። ዳሌው ተሰብሯል፤ በሩን ሲቧጥጥ ጥፍሮቹ ደምተዋል። ሾፌሩ አምቡላንስ ጠራ። በዚያው ቀን ሪፖርቱን ጻፈ፤ ከሥሩም ፈረመ። አባቷ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ መጦሪያ ተወሰደ። እሷም በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ያውም ሠራተኛ ቆሞባት፣ እንድታየው ተፈቀደላት። አባቷ ግን ማን እንደሆነች አላወቃትም።

ማርኩን ሙሉ ሰጠችው። ያስተማረችውን ነው የሠራው፤ ምን ትበል? ዓይኑን ግን ማየት አልፈለገችም።

በአራተኛው ማክሰኞ በሩ ተንኳኳ። ድምፁን ለየችው።

«ሂድ!» አለች በሩን ተደግፋ። «እንደ ሌላው "አይዞሽ" በለኝና ሂድልኝ።»

«አልልም።»

«ቁልፉ አንተ ጋ አይደል? ያን ቀን አላስፈቀድከኝም፤ ዛሬ ምን አስንኳኳህ?»

«ያን ቀን አባትሽ ነበሩ ውስጥ። ዛሬ አንቺ ካልከፈትሽልኝ አልገባም።»

በማዶ ባለው ፌርማታ አንድ አውቶቡስ መጥቶ ሄደ፤ ቀጥሎም ሌላ። እሱ ከበሩ አልተንቀሳቀሰም።

«አሁን...» አለ በመጨረሻ፣ «አሁን አንቺ ጋ ማን አለ?»

በዚያ ሁሉ ዓመት ይህን የጠየቃት የለም። እሷም ብትሆን ራሷን ጠይቃ አታውቅም። ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ተንሰቀሰቀች።

«ማንም» አለችና መቀርቀሪያውን ሳበችው።