ማሽኑ እያጉረመረመ በር አይከፈትም

ዶና ኔሊዳ ኢሪጎየን የሞቱበት ክፍል እንደ ዳቦ ቤት ይፋጅ ነበር። ሰኞ ጠዋት በሩ ሲከፈት አሮጊቷ የሒሳብ አስተማሪ ከብረት ምድጃው ሥር ወድቀው ተገኙ። ጭንቅላታቸው የምድጃውን ጠርዝ መትቷል፤ ሁለቱ ክንዶቻቸው ላይ የሰው ጣት የጨበጠበት በልዞ ይታያል። ምድጃው ራሱ ከጠፋ ቆይቷል። ሙቀቱ የሚመጣው ጠረጴዛው ላይ ካለው ኮምፒውተር ነበር፤ ባለቤቱ ሞተው እሱ አሁንም ሥዕል እያበሰለ ያጉረመርማል።

«ማብሰል» የክበባቸው ቃል ነው። በከተማችን በፓይሳንዱ ፍራክታል የሚሠሩ ሰዎች ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ዶና ኔሊዳ፣ የጥርስ ሐኪሙ ብሩም እና የማተሚያ ቤቷ ሚርታ ሶሳ። ለኮምፒውተሩ ቀመር ይሰጡታል፤ እሱ አንድ ሁለት ቀን ሲያሰላ ይሰነብትና ቅርንጫፍ ውስጥ ቅርንጫፍ፣ ያም ውስጥ ሌላ ቅርንጫፍ ያለበት፣ ማለቂያ የሌለው ሥዕል ያወጣል። እኛ የቀረነው ዓሣ እናጠምዳለን፣ ኳስ እናያለን፣ በእነሱም እንስቃለን። ያን ቀን ግን የሳቀ አልነበረም።

የፖሊስ ኮሚሳሯ ዙልማ ፒሪስ ቆማ መቆየት የማትችል ሴት ናት። ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሰች የቁልፍ መያዣዋን ታቅጨለጭላለች። ዶና ኔሊዳ ሒሳብ አስተምረዋታል፤ ያ ደግሞ እረፍት ነስቷታል።

«የሞቱበትን ሰዓት ከእኔ አትጠብቂ» አላት የሬሳ መርማሪው ሐኪም። «ክፍሉ እንዲህ እየጋለ ቅዳሜም ሊሆን ይችላል፣ እሁድም።»

ዐቃቤ ሕጉ ግን ቸኩሏል። «ኮምፒውተሩን እዪው፤ ይህን ሥዕል ማብሰል የጀመረው እሁድ ማታ ነው። ሬሳ ደግሞ ኮምፒውተር አያዝም። ስለዚህ እሁድ ማታ በሕይወት ነበሩ። ሐኪሙ ብሩምና ሚርታ እሁድ ከንጋት ጀምሮ ሳልቶ ከተማ ኤግዚቢሽን ላይ ነበሩ፤ የተመለሱት ዛሬ ጠዋት ነው። እሁድ ማታ ቤት የነበረው የእህታቸው ልጅ ዋልዲር ብቻ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዳኛ ፊት አቀርበዋለሁ።»

«እስከዚያ ጊዜ ስጠኝ» አለች ዙልማ።

«ጊዜውን ውሰጂ። ልጁን ግን አትወስጂብኝም።»

ብሩምና ሚርታ ከአውቶቡስ ወርደው በቀጥታ መጡ። ሚርታ በር ላይ ተደግፋ ታለቅስ ነበር። «ዙልማ፣ በእናትሽ ኮምፒውተሩን እንዳታጠፉት። የመጨረሻ ሥዕሏ ነው፤ ካጠፋችሁት እስካሁን የበሰለው ሁሉ ገደል ገባ። ሲያልቅ ለእኔ ስጪኝ፣ ለመታሰቢያዋ አትመዋለሁ።»

«ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንሱትና አጥፉት» አለ ብሩም ፊቱን በመሐረብ እየጠረገ። «እዚህ ታፍነን ልንሞት ነው።»

«የጄፔግ ሰው!» አለችው ሚርታ በእንባዋ መሀል። «ለዚህ አይደል ኔሊዳ ያኮረፈችህ።»

እውነቷን ነበር። ብሩም ሥዕሉን ሁሉ ፋይሉን በሚያሳንሰው በጄፔግ አስቀምጦ ለመላው ከተማ በስልክ ይበትናል። ዶና ኔሊዳ ደግሞ «ጄፔግ አይጥ ነው፤ ባስቀመጥከው ቁጥር ከሥዕሉ ይቦጭቃል» እያሉ ባለፈው ወር ከቤታቸው አባረውታል። እሳቸው ምንም በማይጎድልበት በፒኤንጂ ካልሆነ አያስቀምጡም። ከዚያም በፊት፣ ከሁሉም በፊት፣ ቀመሩን ያስቀምጣሉ። ሥዕል ቢጠፋ ከቀመሩ እንደገና ይወለዳል፤ ቀመር ከጠፋ ግን ሥዕሉ መካን ነው ይሉ ነበር።

ዙልማ ዋልዲርን እጁ በካቴና ታስሮ ሳሎኑ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«ወንዝ፣ ዓሣ ላጠምድ። ዝናቡ መንገዱን ዘግቶብኝ እዚያው አደርኩ። ብቻዬን ነበርኩ፤ የሚመሰክርልኝ የለም። ቤት የገባሁት እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው።»

«አክስትህን አየሃቸው?»

«በሩ ዝግ ነበር፣ ማሽኑም ያጉረመርማል። ማሽኑ እያጉረመረመ በር አይከፈትም፤ እኛ ቤት ከዚህ ሌላ ሕግ የለም። ሐሳቧ ይበተናል።» ቀና ብሎ አያት። «ዝናብ ስለነበር የዝናብ ቀን ቂጣችንን፣ ቶርታ ፍሪታ ጠበስኩ። ድርሻዋን በሳህን በሩ ሥር አስቀመጥኩላት። ዛሬ ጠዋት ሳህኑ እንዳለ ሳየው ነው የከፈትኩት። ኮሚሳር፣ እኔ በዚህ በኩል ቁጭ ብዬ ስበላ እሷ በዚያ በኩል… እንዴት ነው አላውቅም የምላቸው?»

«ሐሙስ ዕለት ስትጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል።»

«መች የማንጨቃጨቅበት ቀን አለ? ሬዲዮ ቀንስ፣ ጫማህን አውልቅ፣ ሥራ ፈልግ። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከማን ጋር ልጨቃጨቅ ታዲያ?»

ዙልማ ቁልፎቿን እያቅጨለጨለች ወጣች። ሳህኑን ግን ራሷ አይታዋለች፤ የደረቀችው ቶርታ ላይ ስኳር ተነስንሷል። ለሽፋን ብሎ ያደረገው ቢሆን ስኳር ለመነስነስ ባልደከመ ነበር ብላ አሰበች፤ ግን ስኳር ለዳኛ ማስረጃ አይሆንም።

ብሩም ክሊኒኩን ከፍቶ አንዱን ታካሚ አፉን አስከፍቶ ነበር። ዙልማ በሩ ላይ እየተንጎራደደች ጠየቀችው።

«ቅዳሜስ የት ነበርክ ዶክተር?»

«የሚስቴ ወንድም ቤት፣ ካርታ ስጫወት። አሥር ሰው ስሸነፍ አይቶኛል። ምነው፣ በጄፔግ የተነሳ ሰው የሚገድል እመስላለሁ?»

«ሌላ ልጠይቅህ። ሁለት ሥዕል ማብሰል ብትፈልግ የመጀመሪያው እስኪያልቅ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ?»

«አብጄ ነው? ወረፋ አስይዛቸዋለሁ። እንደ በሽተኞቼ ናቸው፤ አንዱ ከወንበሩ ሲነሳ ቀጣዩ ራሱ ገብቶ ይቀመጣል። እኔ ቤቴ ተኝቻለሁ።»

ዙልማ መንጎራደዷን አቆመች። ታካሚው አፉን እንደከፈተ ዞር ብሎ ሲያይ እሷ ወጥታ ሄዳ ነበር።

ከዶና ኔሊዳ ኮምፒውተር ፊት የቆየችውን ያህል የትም ቆማ አታውቅም። የወረፋውን ዝርዝር አየች። የቀመሮቹን ማስቀመጫ ከፍታ አገላበጠች። ከዚያ በመብሰል ላይ ያለውን ሥዕል ልክ አነበበችና ግራ ተጋባች፤ ግድግዳ የሚያህል ነው፣ በአራቱም ዳር ደግሞ ትርፍ ተጨምሮበታል። ምን ሊሆን ይችላል ብላ ወደ ማተሚያ ቤቱ ገሰገሰች።

ሚርታ ሸራ በእንጨት ፍሬም ላይ እየወጠረች ነበር። ዓይኗ አብጧል፤ እጇ ግን ሥራውን አልረሳም።

«ይህ ዳር ዳሩ ላይ የተረፈው ምንድን ነው?» አለች ዙልማ ሸራውን እያሳየች።

«የመታጠፊያ ነው። በየዳሩ አራት ጣት ካልጨመርሽለት ፍሬሙ ላይ ሲታጠፍ ሥዕሉ አፍንጫው ይቆረጣል።»

ከኋላዋ ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ተደግፏል። ከሩቅ ባሕር ዳርቻ ይመስላል። ዙልማ ስትጠጋው መስመሩ ሁሉ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ተበላሽቷል። ከታች «ሚ. ሶሳ» የሚል ፊርማ አለበት።

«ይኼስ ምን ሆኖ ነው?»

«ለአዲሱ ሆቴል አዳራሽ ነበር፣ አልሆነም። ትንሽ ሥዕል ሲለጠጥ እንዲህ ነው የሚሆነው።»

«ከቀመሩ እንደ አዲስ ቢበስልስ?»

«ከቀመሩማ ግድግዳ ቢሞላም እንደ ምላጭ የጠራ ነው» አለችና ሚርታ አፏን ያዘች። ከዚያ ቀጠለች፦ «የኔሊዳ ሥዕል በቃ አለቀ ወይ?»

«አላለቀም» አለች ዙልማ። «ከሰዓት በኋላ ቤቱ ኑ። ሁላችሁም።»

ዋልዲር ወደ ዳኛ ከመወሰዱ በፊት ሁሉም የዶና ኔሊዳ ሳሎን ተሰበሰቡ። ማሽኑ ከበሩ ወዲያ ያጉረመርማል። ዙልማ ማቴ፣ የአገራችንን የቅጠል ሻይ፣ በቅል ቀድታ ቅሉን ከሰው ወደ ሰው እያዞረች፣ እሷም አብራ እየዞረች ጀመረች።

«ዐቃቤ ሕጉ፣ ሬሳ ኮምፒውተር አያዝም አልክ። ልክ ነህ። ግን ይህ ሥዕል የጀመረው ከእሱ በፊት የነበረው ባለቀባት ቅጽበት ነው። እሁድ ማታ ማንም ምንም አልነካም። ወረፋ ነው፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ተቀመጠ። ወረፋውን ያስያዘው ሰው ያን ጊዜ ሳልቶም ሊሆን ይችል ነበር።»

ዐቃቤ ሕጉ ቅሉን እንደያዘ ቀረ። «ራሳቸው ቅዳሜ አስይዘውት ቢሆንስ?»

«እኔም ያንኑ አሰብኩ። እዚህ ማሽን ላይ የእሳቸው ሥዕል ሁሉ ቀመሩ አብሮት ተቀምጧል፤ ከዚህ ከመጨረሻው በስተቀር። ዶና ኔሊዳ ቀመሩን ሳያስቀምጡ ማብሰል ጀመሩ ማለት ቄስ ሳያማትብ ቀደሰ እንደማለት ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው ነው። ሰውየው እሁድ ማታ በሕይወት ያሉ እንዲመስሉ ይፈልጋል። እሳቸውን መስሎ ለመገኘትም ጥሯል፤ በፒኤንጂ ነው ያዘዘው።»

«እንግዲህ እኔ ዳንኩ» አለ ብሩም።

«አንተን ጄፔግ አዳነህ። ይህ ሰው የዶና ኔሊዳን ልማድ ያውቃል። የራሱን ልማድ ግን ረሳ። ሥዕሉን በግድግዳ ልክ አዘዘ፣ በየዳሩም አራት አራት ጣት ጨመረ። ለመታጠፊያ። እሳቸው በሕይወታቸው ሸራ ላይ አሳትመው አያውቁም።»

ቅሉ ሚርታ ዘንድ ደርሶ ነበር። አንዴ ሳበችና መለሰችላት። «አመሰግናለሁ» አለች።

እኛ አገር ማቴ ሲዞር «አመሰግናለሁ» ያለ ሰው በቃኝ ማለቱ ነው። ዙልማ ቅሉን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ለመጀመሪያ ጊዜም ተቀመጠች።

«ቅዳሜ መጣሽ፣ ሚርታ።»

«አንድ ቀመር ነው የለመንኳት» አለች ሚርታ። «ለሆቴሉ በስሜ ቃል ገብቼ ነበር። ሥዕሉን ሰጥታኛለች፣ ቀመሩን ግን እምቢ አለች። ስሜን ሥዕሏ ላይ አይታው ነበር። ስቃ ‹በአራት ጣት ልክ የተቆረጠች አርቲስት› አለችኝ። ክንዷን ይዤ ነቀነቅኳት፣ ከዚያ ለቀቅኳት። ሌላ ምንም አላደረግኩም። ለቀቅኳት ብቻ።»

«ከዚያ ዋልዲር በአንቺ ቦታ እንዲገባ አደረግሽ።»

«ወንዝ ያለ መስሎኝ… ማንም ላይ የሚወድቅ አልመሰለኝም።»

«ዛሬ ጠዋት ግን ታስሮ አይተሽዋል። አይተሽውም ‹ሥዕሉን አታጥፉት› አልሽኝ» አለች ዙልማ። «የሚያሳዝነው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ቀመሩ ፊትሽ ተከፍቶ ነበር። አንዲት ቁልፍ ተጭነሽ ብታስቀምጪው በኪስሽ ይዘሽው ትሄጂ ነበር። የአንቺ እጅ ግን ሥዕል እንጂ ቀመር ማስቀመጥ አያውቅም።»

አመል ያወጣል ከመሀል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። ሚርታን ሲወስዷት ወደ ኋላዋ ዞራ ያየችው ዋልዲርን ሳይሆን በሩን ነበር።

ካቴናው ሲፈታለት ዋልዲር የእጁን አንጓ እያሸ በዚያው በር ፊት ቆመ። መያዣውን ጨበጠ፣ ግን አላዞረውም።

«እያጉረመረመ ነው» አለ።

«ግድ የለም ልጄ» አለው ብሩም። «ዛሬ ይከፈታል።»

ገቡና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሥዕሉ እስኪያልቅ ጠበቁ፤ ዙልማም እንኳ አልተንጎራደደችም። ጉርምርምታው ድንገት ሲቆም ቤቱ ባዶ እንደሆነ ለሁሉም ተሰማቸው። ስክሪኑ ላይ እንዴት ላስቀምጥ የሚል ጥያቄ መጣ።

ዋልዲር ወደ ብሩም ዞረ። የጥርስ ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ፒኤንጂ» አለ። «ሌላ እንዳትነካ።»

«መጀመሪያ ቀመሩን» አለ ዋልዲር። ለዓመታት በበሩ ሥንጥቅ የሰማው ይህን ነበር። ቀመሩን አስቀመጠ፣ ከዚያ ሥዕሉን። ስም ሲጠይቀው የአክስቱን ስም ጻፈና፣ ተነስቶ ከደጃፉ ሥር የቀረውን ሳህን አነሳ።