ሶልያና፣ ፓፓያና ያልታየው ራእይ

ሶልያና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤቷ ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ ሰፈር ነው። ጥርሷ ሁለት ጎድሏል፤ ምኞቷ ግን አንድም አልጎደለም።

ጎረቤታቸው ጋሽ ኩማ ፒያሳ ሰዓት ይጠግናሉ። እሳቸው አንዲት ሞተር አለቻቸው። ልጆች፣ ሞተር ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳታስቡ! ከፍየል ታንሳለች፤ ከዶሮ ትንሽ ትበልጣለች። ቀለሟ የበሰለ ፓፓያ ነው፤ ስሟም ፓፓያ። መብራቷ ክብ ነው፣ እንደ ደነገጠ ዓይን። መቀመጫዋ እንደ ዳቦ አብጧል። አያቶቻችን በጉብዝናቸው የነዷትን የድሮ ሞተር ትመስላለች፤ ግን እንደ ታጠበ ሹራብ የተኮማተረች! ጥሩምባዋ "ፒፕ!" ሲል ሐይቁ ዳር የሚንጎራደዱት አባ ኮዳዎች መንገድ ይለቃሉ። እነዚያ ወፎች እኮ ለከንቲባም መንገድ አይለቁም!

ሶልያና ምሳ በልታ ጋደም ስትል ሕልም ይመጣል። ፓፓያ ላይ ትወጣለች። ፓፓያ ሐይቁ ላይ በቀስታ ትሄዳለች፤ ጎማዋ ውኃ አይነካም። ዓሦቹ ከታች ቀና ብለው ያዩዋታል። ታቦር ተራራ ጠጋ ብሎ ያሳልፋታል። ደመናው ጉንጯን ይዳብሳታል። ከዚያ እናቷ ማርታ "ተነሽ፣ የቤት ሥራ!" ትላለች። ሐይቁም ተራራውም ተመልሰው ትራሱ ውስጥ ይገባሉ።

አንድ ቀን ምኞቷ ከሆዷ ገፍቶ ወጣ። ጋሽ ኩማ በራቸው ላይ ፓፓያን ሲወለውሉ ጠጋ አለቻቸው።

"ጋሽ ኩማ፣ ራእይ አየሁ።"

"ምን አየሽ፣ የኔ ልጅ?"

"ጌታ 'ፓፓያ የሶልያና ናት' አለ። ለእርስዎ እንድነግር አዘዘኝ።"

እዩልኝ ልጆች! ሕልሙን እንኳ አይታለች። ጌታ ግን በሕልሟ አንዲት ቃል አልተናገረም። የተናገረችው ፓፓያ ናት፤ እሷም "ፒፕ" ብቻ ነው ያለችው።

ጋሽ ኩማ ጨርቁን አስቀመጡ። ፓፓያን ከመብራቷ እስከ ጎማዋ አዩዋት።

"ጌታ ካለማ እኔ ማን ነኝ?" አሉ። ፓፓያን ገፍተው እነሶልያና ግቢ አቆሟት። "ስታድጊ ትነጂያታለሽ።"

ማርታ ልጇን ትኩር ብላ አየቻት። "ሶልያና፣ እውነት አይተሻል?"

ሶልያና ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አዎ፣ አንገትም ይዋሻል፤ ተጠንቀቁ!

በዚያ ቀን ምሳ በልታ ጋደም አለች። ሕልም አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ፓፓያ መስኮቱ ሥር ቆማለች፤ ሐይቁ ግን የለም።

እሁድ ጠዋት ጋሽ ኩማ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው መጡ። ግራ እግራቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ አይታጠፍም። ትልቅ ሞተር ላይ መውጣት አይችሉም፤ ፓፓያ ግን ዝቅ ብላ ትቀበላቸው ነበር። ሶልያና ይህን ረስታ ኖሯል። ላባቸው ከአገጫቸው ይንጠባጠባል። ወትሮ መዝሙር ሲጀመር ከሁሉ ቀድመው ያጨበጭቡ ነበር፤ ዛሬ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

መዝሙሩ ሲያልቅ ሶልያና ጠጋ አለቻቸው። "ጋሽ ኩማ፣ እግርዎን አመመዎት?"

"እግሬስ ለምዶታል፣ ሶሊዬ። የሚያመኝ ሌላ ነው። ሃምሳ ዓመት ጸልያለሁ። ጌታ የእኔን ሞተር ነገር ለአንቺ ነግሮ፣ ለእኔ ለምን ዝም አለኝ? ተቀይሞኝ ይሆን?"

የሶልያና ዓይን ሞላ። እንባዋ ሐይቁን ሊያስንቅ ምንም አልቀረው።

"አልተቀየመዎትም! ጌታ ምንም አላለም። ያልኩት እኔ ነኝ። ፓፓያን ፈልጌ ነው። ይቅር ይበሉኝ።"

ጋሽ ኩማ አቀረቀሩ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ለካ እየሳቁ ነው!

"አልተኳረፍንም! ጌታዬ፣ ለካ አልተኳረፍንም!" ብለው አጨበጨቡ። መዝሙሩ ግን አልቆ ነበር፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

ከዚያ የሶልያናን እንባ በመዳፋቸው ጠረጉላት። "ይቅር ብዬሻለሁ። ሁለተኛ ግን በጌታ አፍ አትናገሪ፤ የራስሽ አፍ አለሽ። 'ጋሽ ኩማ፣ አንዴ ያንሸራሽሩኝ' ብትይኝ እምቢ እል ነበር?"

ከሰዓት በኋላ ፓፓያ ወደ ጋሽ ኩማ ተመለሰች፤ ማርታም ፈቅዳ፣ ሶልያና ከኋላቸው ተቀመጠች። ፓፓያ በሐይቁ ዳር በቀስታ ሄደች። በጣም በቀስታ፤ አንዲት ኤሊ "ልለፍ?" ብላ ጠየቀቻቸው። ፒፕ! አባ ኮዳዎቹ መንገድ ለቀቁ። ሶልያና ጉንጯን ጀርባቸው ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ያ የሕልሟ ሐይቅ ተመልሶ መጣ፤ ዓሦቹም ቀና አሉ።

ልጆች፣ የምንፈልገውን በራሳችን አፍ በእውነት እንጠይቅ እንጂ፣ እግዚአብሔር ያላለውን "እግዚአብሔር አለ" አንበል።