ሸረሪት የመሰለችው ፀሐይ

ትርፍ አንጀቴ ባይታመም ኖሮ አላውቀውም ነበር። አንዳንዴ ምነው ባላወቅኩት እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ አፌን በእጄ እይዛለሁ።

የአባቴ መድኃኒት ቤት ያለ ፋርማሲስት አይከፈትም። ሕጉ ነው። የሙያ ፈቃዴ በመስታወት ተለብጦ ከባንኮኒው በላይ ተሰቅሏል፤ እሱ እዚያ እስካለ እኔም እዚያው ነኝ። ወረቀቱ ከወረደ በሩ ይዘጋል፣ ወይም የሌላ ሰው ወረቀት ይሰቀላል። ለቀዶ ሕክምና ስተኛ ለሁለት ሳምንት ተተኪ የተቀጠረውም ለዚህ ነው።

ድኜ ስመለስ ነጭ ጋዋን የለበሰ ቀጭን ወጣት ከባንኮኒው ኋላ ቆሟል። ፊቱ የተከሳሽ ፊት ነው።

«ሠዓሊዋ አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«ፋርማሲስት ነኝ።»

«ደንበኞችሽ እንደዚያ አይሉም። ፀሐያችን የት ሄደች እያሉ ቁም ስቅሌን ነው ያሳዩኝ!»

ማንበብ ለማይችሉና ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች በኪኒን ፖስታው ላይ እሥላለሁ። ጠዋት ለሚዋጠው ፀሐይ፣ ማታ ለሚዋጠው ጨረቃ። አንዷ ፀሐይ ታዛጋለች፣ አንዷ ባርኔጣ ታደርጋለች፣ አንዷ ታኮርፋለች። ድሮ ሥዕል ልማር ስል አባዬ «ሥዕል እራት አይሆንም» ብሎኝ ነበር፤ እኔም በፖስታ ላይ ተበቀልኩት።

«እኔም እኮ ሣልኩላቸው» አለ።

«እስቲ አሳየኝ።»

እስክሪብቶ አንስቶ ምላሱን ነክሶ ሣለ።

«ይሄ ሸረሪት ነው» አልኩት።

«አንዲት እናትም ይህንኑ ነው ያሉኝ። ‹ልጄ፣ ሸረሪት ሳይ ነው የምውጠው?› አሉኝ።»

ስፌቴ እስኪያመኝ ሳቅኩ። ሆዴን ይዤ ስቀመጥ ደንግጦ ውኃ አመጣልኝ። ዓይኑን በደንብ ያየሁት ያኔ ነው። በቃ፣ አለቀልኝ።

ሥራው መተካት ነበር። የአንዱ ከተማ ፋርማሲስት ስትወልድ ወይም ሲታመም እሱ ይሄዳል፤ ሦስት ወር እዚህ፣ ስድስት ወር እዚያ። በሄደበት ሁሉ የሰዉን ወግ በደብተር ይጽፋል። ከእኛ ቀጥሎ የከተማችን ሆስፒታል ለአራት ወር ቀጠረው፤ በየምሳ ሰዓቱ እየመጣ ከባንኮኒው ማዶ ይቆም ጀመር። ደንበኞቼ «ይሄ ልጅ ምን ቢታመም ነው በየቀኑ የሚመጣው?» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ደብተሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና «ቀጣዩ ሥራዬ ሐይቅ አጠገብ ያለች ከተማ ነው» አለ። «ሁለት ፋርማሲስት ይፈልጋሉ። እስከ ምሳ እንሠራለን፤ ከምሳ በኋላ እኔ እጽፋለሁ፣ አንቺ ትሥያለሽ። ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ። መጽሐፍ ይወጣዋል።»

«ምንህ ሆኜ ነው የምከተልህ?»

«ሚስቴ» አለ። ጆሮው ፍም መሰለ። እኔም የሳል ሽሮፑን ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ወለወልኩ። ሦስት ጊዜ መወልወሌ ግን እሺ ማለቴ እንደሆነ ገብቶታል።

አባዬ ሲሰማ ይቆጣል ብዬ ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን። አልተቆጣም።

«ሂጂ ልጄ፣ ተተኪ አላጣም» አለና ወረቀቴን ራሱ ሊያወርድልኝ ወንበር ላይ ወጣ። እጁን ዘረጋ። ግድግዳውን ዳበሰ፣ ሳተው፤ ደግሞ ዳበሰ፣ ሳተው። ወረቀቱ ፊት ለፊቱ ነበር።

ወንበሩን ጨብጬ ያዝኩ። «አባዬ፣ አይታይህም እንዴ?»

«ጨልሞ ነው።»

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር።

ቤት ገብቼ የራሱን የስኳር መድኃኒት አየሁ። ጨረቃ የሣልኩበት ፖስታ ባዶ ነው፤ የፀሐዩ አልተነካም። ጠዋትም ማታም ከአንዱ ፖስታ ሲውጥ ኖሯል። ለሰው ሁሉ ፀሐይ ስሥል የገዛ አባቴ በጨለማ እንደሚውጥ አላወቅኩም። እኔ ብሎ ፋርማሲስት! በዚያ ቀን ራሴን ጠላሁት።

እንግዲህ ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል። እውነቱን ለባለ ደብተሩ ብነግረው ይቀራል። ደብተሩን ዘግቶ ከእኔ ጋር እዚያው ባንኮኒ ላይ ያረጃል። ይህን ስላወቅኩ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ዋሸሁት።

«ሐሳቤን ለውጫለሁ።»

«አባትሽ ከለከሉሽ?»

«ማንም አልከለከለኝም። አልወድህም። ስላሳቅከኝ ነው የወደድኩህ የመሰለኝ።»

«እጠብቅሻለሁ» አለ።

«አትጠብቀኝ። እንዳትጽፍልኝም።»

የታዘዘውን እንዳለ የሚፈጽም ሰው ነው፤ ፋርማሲስት አይደል? አልጻፈም።

ሦስት ዓመት አባዬን እጁን ይዤ መራሁት። ዓይኑ ጨርሶ ጠፋ፤ ጥግ ካለችው ወንበር ላይ ተቀምጦ ደንበኞቹን በሳላቸው ይለያቸው ነበር። ሊሞት ሰሞን ጠራኝ።

«ያን ልጅ በእኔ ምክንያት ነው የተውሽው?»

«ኧረ አይደለም፣ አባዬ።»

«የታወረው ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ አይደለም። ለቅሶሽን ስሰማ ነው የኖርኩት። ወረቀትሽን አውርጂና ሂጂ።»

ሐዘኑ በረድ ሲልልኝ ሆስፒታሉ ሄጄ ያ ልጅ የት እንደሚሠራ ጠየቅኩ። ያለበትን ከተማ ነገሩኝ። ቲኬት ቆረጥኩ። ቅዳሜ ወረቀቴን አወርዳለሁ፣ መድኃኒት ቤቱን እዘጋለሁ፣ እሄዳለሁ። የምነግረውንም በቃሌ አጠናሁ፦ «ዋሽቼህ ነው። ይቅር በለኝ።» ባንኮኒውን እየወለወልኩ ደጋግሜ እለው ነበር።

ሐሙስ ዕለት የድሮው አስተማሪዬ መጡ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ልጃቸው ዘንድ ሰንብተው መመለሳቸው ነው። «ከዚህ ዓይነት ስጪኝ» ብለው ባዶ የኪኒን ፖስታ ዘረጉልኝ።

«ከምግብ በኋላ» ይላል። የእሱ ጽሕፈት ነው፤ ከመቶ ሰው ጽሕፈት መሐል አውቀዋለሁ። ከጽሕፈቱ በላይ ፀሐይ አለች። ጉንጯ የሰረጎደ፣ ጸጉሯን የተሠራች፣ የምትስቅ ፀሐይ። ሸረሪት አትመስልም። በጣም ታምራለች።

«ይቺን… ማን ሣላት?»

«የፋርማሲስቱ ባለቤት ናት። እሱ ይጽፋል፣ እሷ ትሥላለች። እንዴት ያሉ ደስ የሚሉ ልጆች መሰሉሽ!»

ኪኒኑን ቆጥሬ አዲስ ፖስታ ውስጥ ጨመርኩ። ፖስታውን ልሰጣቸው ስል «ምነው፣ ያንቺ ፀሐይስ?» አሉኝ እየሳቁ።

እስክሪብቶ አነሳሁ። እንደምንም ሣልኩና ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት። «ምን ሆነሻል ልጄ? ይሄ ሸረሪት እኮ ነው።»

«አዎ» አልኳቸው። «ጠዋት ጠዋት ነው የሚውጡት።»