የማይጠጣው ምስክር

ቋ... ቋ...

ደበሌ መጀመሪያ የሰማው ይህን ነበር። ጎህ ሲቀድ ጀልባውን ሊያስነሣ ወደ አዋሳ ሐይቅ ሲወርድ፣ ማዕበሉ ባዶ የአረቄ ጠርሙስ ከድንጋይ ጋር ያጋጫል። ቀጥሎ ጫማ አየ፤ ከዚያ ጎረቤቱን ማቴዎስን፣ ማጅራቱ ድንጋይ ላይ ተፈንክቶ፣ ደንገሉ ውስጥ ተጋድሞ።

ሻምበል ደረሰ የተባለው መርማሪ አጎንብሶ አሸተተ። የሟቹ ሸሚዝ በአረቄ ርሷል። አፉን አሸተተ፤ ምንም የለም። አስከሬኑን በሸራ ሸፈነና ደበሌን «ያየኸውን ለማንም እንዳትተነፍስ» አለው።

ማቴዎስ የመንግሥት እርሻ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። አንድ የውጭ ኩባንያ የሸጠው የተባይ መድኃኒት ሠራተኞችን አሳወረ። ኩባንያው ሲከሰስ «የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት አይዳኘኝም» ቢልም፣ ፍርድ ቤቱ «እዳኛለሁ» ብሏል። የኩባንያው ባለሙያ «በእጃችሁ በጥብጡት፣ አይጎዳም» ማለቱን ሊመሰክር የቆረጠ ማቴዎስ ብቻ ነበር። አብራው የሰማችው ሚስቱ ካሰች ግን «ሰው ፊት አልቆምም» ብላለች፤ መድኃኒቱ የበላቸውን እጆቿን ከነጠላዋ ሥር አታወጣም። ቀጠሮው ዛሬ ከሰዓት ነው።

ሻምበሉ የኩባንያውን ጠበቃ ባህሩን ሐይቅ ዳር ሆቴል አገኘው።

«ትናንት ጋብዘውት ነበር አሉ።»

«ውስኪ ባዝለት ሻይ ጠጣ። እንዳይመሰክር አግባባሁት፣ እምቢ አለ። ግን ሻምበል፣ እኔ የምረታው በክርክር ነው።»

የሟች ወንድም በኃይሉ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ዓይኑ ቀልቷል።

«አረቄ ጨረሰው! ድሮም ከቀመሰ እግሩ አይጸናም። ድንጋዩ ላይ ተንሸራቶ...»

ለቅሶ ቤት ሻምበሉ ካሰችን «ባለቤትሽ ይጠጣ ነበር?» አላት። ካሰች ደበሌን አየች። ደበሌ መሬት መሬቱን አየ። ሻምበሉ ዝምታውን አወቀው፤ በዚያ በደርግ ዘመን ሰው እንዲህ ዝም የሚለው ስለ እምነቱ ሲጠየቅ ነው።

ቀትር ላይ ሁሉንም እዚያው ሰበሰባቸው።

«አፉ ስለማይሸት አረቄው የፈሰሰበት ከሞተ በኋላ ነው። ሰክሮ ወደቀ እንድንል። ስለዚህ ገዳዩ ማቴዎስ ይጠጣል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። አቶ ባህሩ እንደማይጠጣ ትናንት አይተዋል። ካሰችና ደበሌ ደግሞ...» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይቅርታ፣ አብራችሁት ትጸልያላችሁ።»

«ጌታን ካገኘ ወዲህ ጠብታ አልቀመሰም» አለች ካሰች።

በኃይሉ ደነገጠ። «ለእኔ... ለወንድሙ ለምን አልነገረኝም?»

«ጸሎት ቤታችንን ማን አሸገው፣ ጓድ ሊቀመንበር?» አለ ደበሌ።

«አስከሬኑ ከሐይቁ የወጣው ተሸፍኖ ነው» አለ ሻምበሉ ወደ በኃይሉ ዞሮ፤ አሁን አንቱታውን ትቶታል። «አረቄውንም ድንጋዩንም ማን ነገረህ?»

በኃይሉ ተንበረከከ።

«ዝም ካስባልከው ኩባንያው ውጭ አገር ልኮ ያስተምርሃል ብለውኝ... ለመንኩት። ገፋሁት እንጂ ልገድለው አልነበረም። ከሞተ በኋላ ደግሞ ሰካራም አልኩት። ወንድሜን!»

ባህሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቆይቶ ቦርሳውን አነሣ።

«ያም ሆነ ይህ፣ ምስክር የለም» አለ፣ ማንንም ሳያይ። «ክሱ ዛሬ ይዘጋል።»

ካሰች ተነሣች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አልጋው ላይ ጣለችው። የተላጡ፣ የተቆለመሙ እጆቿ ሁሉም ፊት ታዩ። በአንዱ በሩን ከፈተችና ወደ ፍርድ ቤቱ ወጣች።