የሸረፈዲን ቀኝ እጅ

በ፲፱፻፸፮ ዓ.ም. ግንቦት ሊያልቅ ሲል፥ የጣና ነፋስ የባሕር ዳርን ዘንባባዎች በሚያንሿሿበት አንድ ከሰዓት በኋላ፥ ወይዘሮ ዘይነት የልጇን የሸረፈዲንን ቀኝ እጅ ገና ልብ ብላ አየችው፤ ዑድ የሚባለውን የዐረቦች የክር መሣሪያ ሲመታ የእጁ አንጓ እንደ እንጨት ደርቆ፥ ክንዱ ከትከሻው ጀምሮ ይወዛወዝ ነበር። በጋውን ሙሉ የዑዱን ድምፅ ሰማች እንጂ እጁን አላየችም። ለኪነት ቡድን የሚፈተነው ደግሞ የፊታችን እሑድ ነው።

ዘመኑ ብሔራዊ ውትድርና የታወጀበት፥ ቀበሌው ወጣቶችን የሚመለምልበት ነበር፤ ለከተማው የኪነት ቡድን የተመረጠ በዚህ ዙር አይዘምትም የሚል ወሬም በገበያው ይናፈስ ነበር። ክራር ደርዳሪ ሞልቷል፤ ዑድ የሚጫወት ግን አልተገኘም። ስለዚህ ሸረፈዲን ከሟች አባቱ የቀረውን ዑድ ከግድግዳው አውርዶ፥ እንደ ለመደው ክራር ይገርፈው ጀመር። ዘይነትም ልጇ በዘገየ ቁጥር “ያዙት”፥ በሩ በተንኳኳ ቁጥር “መጡ” እያለች ሰነበተች።

እጁን ባየችበት ማግሥት የባሏ ታላቅ ወንድም አቶ ዓብደላ ከቁንዝላ በጀልባ መጡ፤ በወጣትነታቸው ምጽዋ ሲነግዱ ዑድን ከየመን ሰዎች የተማሩ ናቸው።

“አያ ዓብደላ፥ እጁን ይዩልኝ! አልቀንልዎታል!”

“ቆይ እስቲ፥ ሳልቀመጥ አትለቂ፤” አሉና ልጁን “ምታ” አሉት።

መታ። አቶ ዓብደላ ሳቁ።

“ክሩን ሁሉ ባንዴ ትገርፈዋለህ! ይህች የቀንድ መምቻ ጅራፍ መሰለችህ?”

“ክራር ላይ እንዲህ ነው የለመድሁ፥ ጋሼ።”

“ክራር ሌላ፥ ዑድ ሌላ። ለሶላት ውዱእ ታጥበህ ስትጨርስ እጅህን እንዴት ታራግፋለህ?”

ልጁ አራገፈ።

“ይኸው! ክንድህ የት ሄደ? አንጓህ ብቻ ነው የሠራው። መምቻዋንም አትነቃት፤ ጫጩት እንደ ያዝህ ያዛት። ወደ ታች፥ ወደ ላይ፤ ወደ ላይ ስትመለስ ጉልበት አትስረቅ።”

ከዚያ ወዲያ ሸረፈዲን በአንዲት ክር ላይ ብቻ ታች፥ ላይ ሲል ዋለ። ዘይነት ወጥ እያማሰለች “ላዩ ደከመ!” ብላ ከጓዳ ትጮኻለች።

“እማ፥ አንቺ ነሽ እንዴ የምትፈተኚው?”

“እኔ ነኝ እንጂ!”

እሑድ በቀበሌው አዳራሽ የኪነት ኃላፊው ጓድ አገኘሁ “የሰልፍ መዝሙር አሰማን” አለው። ዘይነት ውጭ በመስኮቱ ሥር ቆማ ነበር። ልጁ ፈራ፤ አንጓው ደረቀ፤ ክሩን ሁሉ ገረፈው።

“ጓድ፥ እንጨት መፍለጥህ ነው?” አለ አገኘሁ፤ አዳራሹም ሳቀ።

ሸረፈዲን መምቻዋን ጭኑ ላይ አኖረ፤ በሰው ሁሉ ፊት ቀኝ እጁን አራገፈ፤ ከዚያም መዝሙሩን ቀስ አድርጎ፥ አንዷን ክር ካንዷ ሳይቀላቅል፥ ታች ላይ እያለ ተጫወተው። ሳቁ ጠፋ።

“በዚህስ ወታደር አይራመድበትም፤” አለ ጓድ አገኘሁ። ስሙን በመዝገቡ እየጻፈም፥ “ግን ይሰማል። ሰኞ ለልምምድ ና።”

ያ ዙር ሸረፈዲንን አለፈው። በአጥር የሚዋሰኗቸው የወይዘሮ የሺመቤት ልጅ፥ ቢያዝን የሚባለው፥ ግን በዚያው ሳምንት ተመልምሎ በመኪና ተጭኖ ሄደ። የዚያን ዕለት ማታ ሸረፈዲን ዑዱን ሲያነሣ ዘይነት እጁን ያዘችው።

“ዛሬ ይቅር፥ ልጄ። የሺመቤት ትሰማናለች።”

የዘመኑ መዛግብት ስለ ዘመቻውና ስለ ሰልፉ ብዙ ጻፉ፤ በአንዲት ክር ላይ አንጓውን ስላላላ ልጅ፥ ወጥ እያማሰለች ስላረመችው እናት የጻፈ የለም። ዘይነት ግን ካረጀችም በኋላ፥ የሐይቁ ሽታ በመስኮት ሲገባ፥ ያን ታች፥ ላይ፥ ታች፥ ላይ ትናፍቀው ነበር፤ ናፍቆቷም የሺመቤትን ሳያስታውሳት መጥቶላት አያውቅም።

ቢያዝን በሄደበት በዚያ ምሽት እናትና ልጅ ዑዱን ሳይነኩ ተቀመጡ። ከአጥሩ ወዲያ የየሺመቤት በር፥ ቢያዝን ደጅ ወጥቶ እንደሚመለስ ሁሉ፥ ገርበብ እንዳለ ቆየ፤ መብራቱም በስንጥቁ ይታይ ነበር። ዘይነት የራሷን በር ለመዝጋት አፈረች። ከብዙ ቆይታ በኋላ መብራቱ ጠፋ፤ የየሺመቤትም በር ከውስጥ ተቀረቀረ።