የአመዴ ድድ

ግንቦት አሥራ ሁለት ቀን፣ ልክ ከጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ፀሐይ በዘልማር መንግሥት ላይ ሳትወጣ ቀረች። የንጋት ቀንድ በሌሊት ተሰርቆ ነበር። ያ ቀንድ ካልተነፋ በዘልማር አይነጋም። የሰረቀው ሙግራ የተባለው፣ ብርሃን ስለማይችል ቀን ቀን ዋሻ ገብቶ የሚደበቅ ዘንዶ ነው፤ የሚኖረውም ራሱ በሚተነፍሰው ሽታ የለሽ መርዝ በተሞላ ሸለቆ ውስጥ ነው። መርዙ ከየት እንደሚጀምር የሚያውቅ ስላልነበረ፣ ወደዚያ ከወረዱት ጀግኖች አንድም አልተመለሰም።

«እኔ እሄዳለሁ፤ አመዴን ይዤ» አለች ውዳላት፣ የቀንድ ነፊው የግርምቻ የእህት ልጅ።

አመዴ የውሻና የተኩላ ክልስ ናት። እንጨት ቆራጮች ከዱር አምጥተው ለውዳላት ከሰጧት ገና ሳምንቷ ነው። በዘልማር ልማድ ለዘመቻ የሚወጣ ውሻ በቤተ መንግሥቱ በር ላይ መጮኽ አለበት፤ ካልጮኸ በሽተኛ ነው ተብሎ ይመለሳል። አመዴ በሩ ላይ ቆማ ዝም አለች። ጸጉሯም በጭብጥ በጭብጥ ይረግፍ ነበር።

«ይቺማ አልቆላታል!» አለ የበሩ አዛዥ። «ከነቁንጫዋ ቅበሯት!»

ውዳላት ግን ሳምንቱን ሙሉ አመዴን ስታጠና ነው የሰነበተችው። ተንበርክካ ጸጉሯን ገለጠች።

«ቆዳዋን ተመልከቱ፤ ቁስል የለው፣ ቅርፊት የለው። የሚረግፈው የብርድ ጊዜ ጸጉሯ ነው። ዓይኗ ጥርት ያለ ነው። የሰጧትን ጥርግ አድርጋ ትበላለች፤ ኩሷም ቢሆን...»

«ኩሷን እንኳ ተዪው!» አለ አዛዡ። ሊሸኙ የወጡት ንጉሡ ሳቁ።

«ዝምታዋም የእናቷ ነው፤ ተኩላ በር ላይ አይጮኽም።» የአመዴን ከንፈር ገልጣ ድዷን በጣቷ ጫን አደረገችው። ነጣ። ጣቷን ስታነሣ ወዲያው ቀላ። «ይኸው፣ ደሟ ተመለሰ።»

«ይህን ሁሉ ማን አስተማረሽ?» አሉ ንጉሡ።

«ማንም፣ ንጉሥ ሆይ። ግርም ብሎኝ ነው የማያት።»

ከዚያም እጇን አንሥታ ማለች፦ «ቀንዱን ሳልይዝ ብመለስ የዘልማር ውሃ አይጣመኝ!»

በችቦ ብርሃን ሦስቱ፣ ውዳላት፣ አመዴና ግርምቻ፣ ተጓዙ። ውዳላት በየዕረፍቱ የአመዴን አፍ ስትገልጥ ግርምቻ ይቀልዱ ነበር።

«እኔን እንኳ እንዲህ አገላብጠሽ አይተሽኝ አታውቂ!»

«አፍዎን ይክፈቱ፣ ጋሼ።» ከፈቱ። ድዳቸውን ጫን አድርጋ አየች። «ደህና ነዎት። የእርስዎ ግን ከእሷ ቀስ ብሎ ነው የሚቀላው።»

«እርጅና ነዋ፣ ልጄ!»

ሸለቆው አፍ ሲደርሱ ሣሩ ለምለም ነበር፤ አንዳች ሽታ የለም። መርዙ ግን ምድር ለምድር ነው የሚሄደው፤ አፍንጫዋ ለመሬት የቀረበው አመዴ ቀድማ ሳበችው። ውዳላት ድዷን ጫነች። ነጣ፤ እንደነጣም ቀረ።

«ጋሼ፣ አልተመለሰም! ወደ ኋላ!»

አመዴን ተሸክመው ዐለቱ ላይ ወጡ። ቀስ በቀስ ድዷ ቀላ። መርዙ ከየት እንደሚጀምር ሰው ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ከታች፣ ከተኛው ዘንዶ አገጭ ሥር፣ ቀንዱ ያብለጨልጫል።

ውዳላት ልትወርድ ስትነሣ ግርምቻ ክንዷን ያዙ።

«በዘልማር እንደ እኔ ረጅም ትንፋሽ ያለው ማን ነው?»

«የማልሁት እኔ ነኝ!»

«ትይዢዋለሽ። እኔ እስከዚህ ላምጣልሽ።» ይህን ብለው ደረታቸው እስኪነፋ አየር ስበው ወረዱ።

ውዳላትም ትንፋሿን አብራ ያዘች፤ የእሷ አለቀ፤ እርሳቸው ግን ገና ይሄዱ ነበር። ቀንዱን አነሡ። ያን ጊዜ ዘንዶው ዓይኑን ገለጠ። ግርምቻ ሽቅብ ወደ እህታቸው ልጅ አዩ። በደረታቸው የቀረው ትንፋሽ ወይ ለመሮጥ፣ ወይ ለመንፋት ነው።

ነፉት።

ፀሐይ ወጣች። ብርሃን የማይችለው ሙግራ ዐመድ ሆነ፤ መርዙም እንደ ጤዛ ረገፈ። ውዳላት ሮጣ ወርዳ ቀንዱን ከእጃቸው ሳትወስድ በፊት ከንፈራቸውን ገለጠች፤ ድዳቸውን ጫነች። ጠበቀች። አመዴ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እሷም ጠበቀች።

አልቀላም።

ከዚያ ወዲህ ቀንዱን የምትነፋው ውዳላት ናት። በዘልማር በር ላይም ውሻ ጩኽ አይባልም፤ ከንፈሩ ይገለጣል።