ሀናን ያጠበችው እጅ

ከሰው መጠጥ ውኃ ውስጥ የበሰበሰ አይጥ ያወጣ እጅ በምን ሳሙና ይጠራል? እኔ እንጃ። የልጅ ልጄን ሀናንን ብጠይቃት፣ «በውኃ ነዋ አያቴ» ብላ ሳቀችብኝ።

እናቷ ስትሞት እኔ ጋ ቀረች። ጅዳ፣ ሰቢል ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ውስጥ አሳደግኳት።

የሕንጻችን ፓምፕ ከምድር ወደ ጣሪያው ታንከር ውኃ ሲገፋ ይውላል፣ ያድራል። ታንከሩ ሞልቶ ደረጃው ላይ ሲፈስ እንኳ አይጠፋም፤ መብራት ይበላል። ባለቤቱ ሲመረው ሱፍያንን አመጣ። የወሎ ልጅ ነው፤ ሶላር ተክሎ ፓምፑን በፀሐይ የሚያሠራ።

ሀናን ጣሪያው ላይ ልብስ ታሰጣለች፤ እኔ እሷን እጠብቃለሁ። ልጁ የታንከሩን ክዳን ከፍቶ ክንዱን እስከ ትከሻው ከተተና የሞተ አይጥ በጭራው ጎትቶ አወጣ። ፀጉሩ እየተላጠ ይንጠባጠባል።

«ፓምፑን የሚያጠፋውን ተንሳፋፊ የያዘው ይኼ ነው» አለ፣ የጠፋበትን ዕቃ ያገኘ ሰው ይመስል።

በዚያ ውኃ ዉዱእ አድርጌያለሁ። ሾርባ ሠርቼበታለሁ። ግድግዳውን ይዤ አስመለሰኝ።

ሀናን ግን በጆግ ታስታጥበው ጀመር። እሱ ዐይኑን ሰበረ፤ እሷ እጁን ታያለች። ጆጉ ባዶ ሆኖም እንዳዘነበለችው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሚታጠበው ልብስ በዛ።

«ዛሬም አጠብሽ? የማንን?»

«ያንቺን አያቴ።»

«የኔ ንጹሕ ነበር።»

ሱፍያን መካ፣ ዑተይቢያ ሰፈር ሥራ ሲያገኝ ሽማግሌ ላከ፤ የሀናንን የሟች አባቷን ወንድም ሸረፈዲንን። አብረው መጡ። ሱፍያን ፓምፑ በፀሐይ ከሳበው ውኃ አንድ ብርጭቆ ቀድቶ በሁለት እጁ አቀረበልኝ። ከጠጣሁ ልጅቷን ሰጠሁ ማለት ነው። እጁ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። እኔን ግን ከሎሚው ሥር አይጡ ሸተተኝ፤ በሻሼ አፍንጫዬን ያዝኩ።

«እማማ፣ ታንከሩን በደንብ ፈትጌ አጥቤዋለሁ።»

«አንተንስ ማን አጠበህ?»

እጁን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ሀናን» አለ።

ሸረፈዲን ሳቁን በሳል ሸፈነ። ተነሥቼ ውኃውን ሲንኩ ውስጥ ደፋሁት።

«ኸላስ፣ በቃ። በዚህ እጅ ተነክታ ስትኖር ማሰብ አልችልም።»

«የኒካሑ ወሊ፣ የምድራት እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ ሸረፈዲን፣ አሁን ሳይስቅ። «ግን ያንቺን ምርቃት ብላ ነው የተቀመጠችው።»

ምርቃቱ አፌ ላይ ነበረ። ያ የአይጥ ፀጉር ምላሴ ላይ ያለ ይመስል ግን ሲንኩ ውስጥ ተፋሁ።

ሁለቱ ወንዶች ወጥተው ደረጃው ላይ ቆሙ። ሀናን የደፋሁበትን ብርጭቆ አነሣች፤ ከቧንቧው ሞላችው፤ እያየችኝ እስከ ታች ጠጣችው። ታንከሩ ሞልቶ ኖሮ ያ ስንት ዘመን ሲጮኽብን የኖረ ፓምፕ በራሱ ጠፋ፤ ቤቱ ጭር አለ።

«ያመኛል ልጄ፣ ያንን ውኃ አትጠጪ» አልኳት።

ብርጭቆውን አለቅልቃ በአፉ ደፋችው። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። ዓባያዋን ደርባ ወጣች፤ ከሁለቱ ጋር ደረጃውን ወረደች።